ስሙ የምድጃው ነው

ይድረስ ለወንድም ዓለም አልበርት፣

ናይሁስ የሚለው ስማችን ከየት መጣ፣ በየሄድኩበትስ ስለምን አይጠፋም ብለህ በደብዳቤህ ጠይቀሃል። እሱን ከመመለሴ በፊት አንተ ባሕር ማዶ እንዴት ከረምክ? ወገብህ ተሻለህ? ሚስትህ ግሬተስ ደህና ናት? ሕፃኑ መሄድ ጀመረ? እኔ ደህና ነኝ፤ በሰኔ ከእርሻ ኮሌጅ ተመርቄያለሁ።

የስሙ ነገር እንዲህ ነው። በድሮ ጊዜ ጫካ መንጥሮ ጎጆ የቀለሰ ሁሉ ሰፈርተኛው «ናይሁስ»፣ ማለትም «አዲስ ቤት» ይለው ነበር፤ በኛም መንደር፣ ከድንበሩ ወዲያ በጀርመኖቹም ዘንድ። ስለዚህ ዘመድህ ነኝ የሚልህ ጀርመናዊው ጎረቤትህ ኒሃውስ ዘመድህ አይደለም፤ የሱም ቅድመ አያት ቤት ሠርቶ ነበር፣ ይኸው ነው። ስሙ ከደም ጋር አይወርድም፤ ምድጃውን የያዘ ይይዘዋል። የኛው አያት ራሱ ባሏ የሞተባትን የቤቱን እመቤት አግብቶ ስሙን ያገኘ ሎሌ አልነበር?

ይህን ስናወራ እንስቅ ነበር። ዘንድሮ ግን ሠራተኛችን ቤረንድ እኅታችንን ያናን አገባ። እኔ ረግረጉን አጠንፍፌ፣ ላሞቹን በማሽን አልቤ እያልኩ ስንት ሳልም ከርሜ፣ በሠርጉ ዕለት ጎረቤቶች ቤረንድን እጁን ይዘው፣ ቤት እንደሚረከብ ሰው በምድጃው ዙሪያ አዞሩት። አባባ «ከእንግዲህ ናይሁስ እሱ ነው» አሉ። ወደኔ ዞር ብለው ደግሞ «አንተማ የምስክር ወረቀት አለህ፤ እሱን እለበው» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ደብዳቤህ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፖስተኛው «ለናይሁስ» የሚለውን አይቶ ለቤረንድ ሰጠው፤ እዚህ አገር ሌላ ማን ጋ ይወስደዋል? ቤረንድም ራት ላይ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ድርቁ ላሞችህን እንደጨረሰ፣ ከነሚስትህና ከነልጅህ ወደ ቤት ልመለስ ወይ ብለህ አባባን እንደለመንክ። «ሰውየው ልመና ይችልበታል» አለ። ያና «ተው እንጂ አንተ» ብትለው፣ አባባ «ተይው ያንብብ፤ የተጻፈው ለሱ ነው» አሏት።

እኔም «አባባ፣ ልጅዎ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ ነው፤ ናይሁስ ግን አይደለም። እንደ እንግዳ ከመጣ አንድ ቅዳሜ ይደር» አሉና ድንቹን አሳለፉልኝ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አትምጣ። ይልቅ እኔ ልምጣ። ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ለድርቅ ጊዜ መኖ ማቆየት ተምሬያለሁ። ከብት ባይኖርህም መሬቱ አለህ። እዚያው አዲስ ቤት እንሠራለን፤ ሰፈርተኛው ምን ብሎ እንደሚጠራን እናያለን።

ግሬተን ሰላም በልልኝ፤ ሕፃኑን ጉንጩን ሳምልኝ። ያና፣ አባባ በረት ሲወርዱ ጠብቃ፣ ሰላም በለው ብላኛለች።

ልምጣ ወይስ ልቅር፣ ቶሎ ጻፍልኝ። ፖስታው ላይ ግን «ለዴርክ፣ በመንደሩ አስተማሪ ቤት በኩል» ብቻ በል። ናይሁስ ካልክ ቤረንድ ይከፍተዋል።

ወንድምህ ዴርክ
ትዌንተ፣ ኔዘርላንድስ
ኦክቶበር 12 ቀን 1954 እ.ኤ.አ.