ቤቱን የሚዘጋው ሰው

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለአልደን፦

ጤናህስ? ያ ወገብህ ዛሬም ያስቸግርሃል? ኦሪጎን ዝናቡ በረታ ወይ? ባለቤትህ ቨርናስ፣ ትንሿ ልጅህስ እንዴት ናቸው? እኔን ከጠየቅኸኝ ቆሜ እሄዳለሁ፤ እንቅልፍ ካጣሁ ግን ሰነበትኩ። እማዬ በጤናዋ ደህና ናት፤ ጭንቄ ግን እሷው ናት።

ወንድምዬ፣ ባሕሩ ደጃችን ደርሷል። ባለፈው ማዕበል የአባዬ ጽጌረዳ ከነአጥሩ ገደል ገባ። አሁን በረንዳው ሥር እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። መሐንዲሱ አንድ ትልቅ ማዕበል ከመጣ አይችለውም ብሎን ሄደ። ቅድመ አያታችን ጣሊያንን በሥዕል እንጂ በዓይኑ ሳያይ በጣሊያን አሠራር ለሚስቱ የሠራላት የበጋ ቪላ፣ ያ አራት ማዕዘን ማማው፣ ቅስት መስኮቶቹ፣ ድንጋይ እንዲመስል በእርጥብ ቀለሙ ላይ አሸዋ የተረጨበት የእንጨት ግድግዳው፣ ሁሉም ሊሄድ ነው። ቤቱን ለጎብኚ ሊያሳይ ከአባዬ የተረከበውን የቅርስ ኮሚቴ፣ ከገደሉ ራቅ አድርጋችሁ አንሱት ብለን ብንለምን፣ ሊቀመንበሩ ሚስተር ቶርን «ቤቱ ባሕሩን ካላየማ ታሪኩ ይበላሻል» አለን። እማዬ ሰምታ «እንግዲያው ለዓሣ ትኬት ትሸጣለሃ!» አለችው። ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ።

እሷን ግን ማን ያስወጣት? እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ እንድትኖርበት ተፈቅዶላታል። እኔ ቤት ነይ ብዬ እግሯ ላይ ብወድቅ ወይ ፍንክች! «ቤቱ ሳይዘጋ ወጥቼ አላውቅም» ትለኛለች። ደንባችንን ታውቀዋለህ፤ በጋው ሲያልቅ የበኩር ልጅ ዕቃውን አንሶላ አልብሶ፣ መስኮቱን ሁሉ ቆልፎ፣ ከማማው ላይ ባንዲራውን ሲያወርድ ነው ሰው የሚወጣው። እኔ ልዝጋው ብላት «አንቺ ታናሽ ነሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ!» ብላ ጮኸችብኝ።

አባዬን ከቀበርን ወዲህ ድርሽ አላልክም፤ ቤቱም አልተዘጋም። እሷ በዚያ ማሞቂያ በሌለው ቤት ሁለት ዓመት የበረዶውን ወራት ከረመች። የተጣላኸው ከአባዬ ጋር ነበር፤ እሱ እንደሆነ አፈር ለብሷል። አሁን ማንን ነው የምታኮርፈው? ስለ ፈጠረህ ና! እኔ ብቻዬን አልቻልኩም።

ትናንት እንደምንም ብዬ ዕቃውን አንሶላ ማልበስ ጀመርኩ። አልጋዎቹን፣ ፒያኖውን፣ የአባዬን ጠረጴዛ ስሸፍን አልከለከለችኝም። የተቀመጠችበት ወንበር ጋ ስደርስ ግን የመጨረሻውን አንሶላ ከእጄ ተቀብላ አጣጠፈችው። «ይሄን አልደን ነው የሚያለብሰው» አለች።

ቨርናን በጣም ሰላም በልልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። ባለቤቴ ኤዝራም ሰላም ብሎሃል፤ ባቡር ጣቢያ ድረስ መጥቶ ይቀበልሃል። እማዬም ሰላም በይልኝ ብላለች። ይህን ስጽፍልህ አንሶላውን ጭኗ ላይ አድርጋ መንገድ መንገዱን ታያለች።

እህትህ ኮርዴሊያ
ፌንዊክ ፖይንት፣ ሮድ አይላንድ
ኖቬምበር 9 ቀን 1978