በሳሎኔ ውስጥ ስለ ፈለጉት ሬሳ

ለተከበሩ የቀበሌያችን የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
አዳማ

ክቡር ሆይ፣ አስፋልቱ ቀልጦ ጫማ በሚይዝበት በዚህ የአዳማ ሙቀት ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ የምጠይቀው ከልቤ ነው። ራስዎን አያምዎትም? ሆድዎስ ሰላም ነው? ሆድዎን ለይቼ የጠየቅሁበትን ምክንያት ከታች እገልጻለሁ፤ ለአሁኑ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ።

ሑስና እባላለሁ፤ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። በሳሎኔ ውስጥ ጨዋማ ውኃ የተሞላ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ነበረኝ፤ በውስጡም የባሕር ዓሦችና ኮራል የሚባሉ፣ ድንጋይ ቢመስሉም ሕይወት ያላቸው እንስሳት ይኖሩ ነበር። እነዚህ ፍጥረታት ውኃው ሲሞቅባቸው መልካቸው ነጥቶ ይሞታሉ። ስለዚህ ፀሐይ እንዳያገኛቸው መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልሁ፣ ማራገቢያ ደቀንሁ፣ የውኃ ማቀዝቀዣ ማሽን አስገጠምሁ፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አስነሳለሁ። ሐይቅ ዳር ባለችው ባቱ ከተማ የሚሠራው ባለቤቴ ጠሃ ደግሞ ወደ ቤት በመጣ ቁጥር ከሐይቁ ዓሣ ነጋዴዎች በረዶ በጆንያ እየገዛ ያመጣልኛል።

ብርድ ልብስ የተጋረደበት መስኮት፣ በጆንያ የሚገባ በረዶ፣ በኩንታል የሚገዛ ጨው፣ ብዙም የማይታይ ባል። አንድ ቅን ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ደምሮ ባሌን ገድዬ ሬሳውን በረዶ ውስጥ እንዳስቀመጥሁ ነገረዎት፤ እርስዎም ሳያመነቱ አመኑት። ምስጋናዬም የሚከተለው ነው፦

፩. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ሌባ የጣሪያዬን ቆርቆሮ ሲነቅል ብደውል ብደውል ያልመጡት ሰዎችዎ፣ ለዚህ ጉዳይ በጠራራ ፀሐይ እየሮጡ ደረሱ። የግቢዬንም በር በእርግጫ ገንጥለው ጣሉት። በሩ ክፍት ነበር።

፪. ስለ ምርመራዎ ጥራት አመሰግናለሁ። ሟቹ ራሱ ሽርጡን እንዳገለደመ ወደ በረንዳ ወጥቶ ምን እንደ ፈለጉ ጠየቃቸው። የገዛ ሬሳውን ፍለጋ እንዳያደናቅፍባቸው በቆመጥ ፈነከቱት። ደሙ ዓይኑን እየሸፈነው መታወቂያውን አውጥቶ ቢያሳያቸው፣ አንደኛው «የሟቹን መታወቂያ ከየት አመጣኸው?» ብሎ በጥፊ አጮለው። ሲወድቅም ክንዱ ላይ ቆሙበት፤ አጥንቱ ሲሰበር ጓዳ ሆኜ ሰማሁት። ዛሬ ክንዱ ውስጥ ብረት አለ፤ ጣቶቹ አሁንም አይታጠፉም።

፫. ከሰዎችዎ መካከል ገንዳውን በፌሮ ብረት የመታው ወጣት ተማሪዬ ነበር። ዓሣ የሚተነፍሰው በስንጥቡ መሆኑን፣ ከውኃ ከወጣም ታፍኖ እንደሚሞት ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ትምህርቱን በተግባር ስላረጋገጠ ማርክ ይገባዋል። መስታወቱ ፈነዳ። ውኃው ሶፋውን እየገፋ ሳሎኑን አጥለቀለቀው፤ ዓሦቹ በስብርባሪው ላይ እየተፈራገጡ ሳሉ ሰዎችዎ በቦት ጫማቸው ጨፈለቋቸው። ከኮራሎቹ ሥር ሰው ተቀብሮ እንዳይሆን ሰግተው ለዓመታት ያሳደግኋቸውን በመዶሻ አደቀቋቸው። ክቡርነትዎ፣ አንድ ሬሳ ፍለጋ መጥተው ቤቴን በሬሳ ሞልተውት ሄዱ። በዚያች ሰዓት በእጄ ቢላዋ ኖሮ ቢሆን ያልሠራሁትን ወንጀል እዚያው እሠራው ነበር፤ በባለቤቴ ላይ ግን አይደለም። ይህን የምጽፈው እንዲከሱኝ ሳይሆን እውነቱን እንዲያውቁት ነው።

፬. ማቀዝቀዣ ማሽኑን ኤግዚቢት ብለው ስለ ወሰዱት ደግሞ የማመሰግንበት ቃል አጣሁ። ከዚያ ሁሉ እልቂት የተረፉት ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች ብቻ ናቸው፤ ከሶፋው ሥር በኩሬ ውስጥ ተደብቀው ነው ያገኘኋቸው። አሁን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አሉ። ባለቤቴ በተረፈው እጁ ያራግብላቸዋል፤ እኔም በፕላስቲክ ጠርሙስ ያረጋሁትን በረዶ እየቀያየርሁ እከትላቸዋለሁ። መብራት ሲጠፋ በረዶው ያልቃል፣ ውኃው ይሞቃል፣ እነሱም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። እንለምንዎታለን፤ ሞተ ያሉት ሰው በሕይወት አለና ማሽኑን ይመልሱልን። ሌላ የምንጠይቀው የለም፤ ክንዱንም በሩንም ትተንልዎታል።

ሰላም ለማስከበር ሲሉ በየሰዉ ቤት የሚያፈሱትን ደምና ላብ ዘወትር የማልዘነጋ፣ በር ሲንኳኳ ደንግጬ የምነሣ፣ ክብርዎን በሩቁ የምሳለም፣

ሑስና፣ የዚያ ያልሞተው ሰው፣ የአቶ ጠሃ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ትናንት ቃል ለመስጠት ቢሮዎ ስመጣ ማሽኔ ከበርሜል ጋር ተገጥሞ የእርስዎን የመጠጥ ውኃ ሲያቀዘቅዝ አየሁት። ጸሐፊዎ አንድ ብርጭቆ ቀድታ ጋብዛኝ ነበር፤ አልጠጣሁም። ሰዎችዎ ከሄዱ በኋላ የሞቱትን ዓሦቼን አንድ በአንድ ለቅሜ ስቀብር አንዲቱን አጥቻት ነበር፤ የት እንደ ገባች ማሽኑን ሳይ ገባኝ፤ ገንዳው ሲሰበር ሸሽታ የገባችው በተበጠሰው የማሽኑ ቱቦ ውስጥ ነው። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ፍለጋዎ ከንቱ አልቀረም፤ ሬሳውን አግኝተው እየጠጡት ነው።