በእኛ ቋንቋ የሸጥኳቸው ዶሮዎች

ለውዷ እህቴ ለእየሩስ
ጂዳ

እንደምን ከርመሻል እህቴ? እጅሽስ እንዴት ነው? ያ በረኪና የላጠው መዳፍሽ ዳነልሽ ወይስ አሁንም ጓንት ከልክለውሻል? ወገብሽስ? እመቤትየዋስ አርብ አርብ ጎንሽን እንድታሳርፊ ፈቀደችልሽ? የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር አካሌ ደህና ነው። እምዬ ደብሬ ደህና ናት። ልጇ ሸጋው አድጎ ሱሪው ሁሉ አጥሮበታል። ዝናቡም ዘንድሮ ፊቱን አላዞረብንም፤ ገብሱ ከጉልበት አልፏል። ደህና ነን እያሉ መጻፍ እንዴት ደስ ይላል! እዚህ ላይ ባቆመው በወደድኩ።

ኢሞ ላይ ፊትሽን እያየሁ ልነግርሽ ስንቴ አስቤ ስንቴ እንደተውኩት አትጠይቂኝ። ስልክ ላይ አፌ ሌላ ሰው መሆን ለምዷል፤ ለምን እንደሆነ ስታነቢ ይገባሻል። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልሽ። የእትዬ ሶስና ልጅ ዮርዳኖስ ወደዚያው ስለምትመለስ በእጇ ታደርስልሻለች። አደራሽን ቆመሽ እንዳታነቢው፣ ቁጭ በይ።

ቦቃዋ ፍየልሽ የለችም። ስትሄጂ ለእምዬ ደብሬ፣ ትራባልኝ፣ ስመጣ አገኛታለሁ ብለሽ አደራ የሰጠሻት ፍየል ተሸጣለች። የሸጠቻት እምዬ ናት፤ ያሸጥኳት ግን እኔ ነኝ። እሷን እንዳትቀየሚ። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽና ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ፍረጂ።

ሰቆጣ ቢሮ ገባሁ ስልሽ እልል ብለሽልኝ ነበር። ቢሮስ ቢሮ ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች፣ ዝናብ ሲመጣ በጣሪያዋ ጩኸት ሰው ከሰው የማይሰማባት አንዲት ክፍል ናት። ያልነገርኩሽ ደመወዝ የሚባል ነገር እንደሌለው ነው። ድርጅቱ ከመሀል አገር የፈረንጅ ዶሮ፣ ያውም እንቁላል ለመጣል የተቃረቡ ቄቦች እያመጣ ይሸጣል። እኔ በሸጥኩት በእያንዳንዱ ዶሮ ኮሚሽን አገኛለሁ፤ ካልሸጥኩ ጦሜን አድራለሁ። ጠዋት ሽያጭ ነው። ከሰዓት ደግሞ የደንበኞች አገልግሎት ይሉታል፤ የገዛ ሰው ቅሬታ ሲኖረው የሚደውልበትን ስልክ የማነሳው እኔው ነኝ። የምሸጠውም እኔ፣ የምወቀሰውም እኔ።

የመጀመሪያው ወር ጉድ ነበር። ሰቆጣ ገበያ መሀል ፀሐይ እየጠበሰኝ፣ ኑ ደንበኞቻችን እያልኩ ጉሮሮዬ ተዘጋ። የከተማው ሰው ዶሮዋን ገልብጦ ያይና፣ ሥጋዋ ውሃ ነው፣ ለወጥ አትሆንም ብሎኝ ያልፋል። አንዱማ፣ አንቺና ዶሮዋ ትመሳሰላላችሁ፣ ሁለታችሁም ቀለብ ያንሳችኋል አለኝ። ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ! አለቃችን ይሄይስ በየማታው፣ ታርጌትሽስ ጥሩሐረግ፣ ታርጌትሽስ ይለኛል፤ መሸጥ ያለብኝን ቁጥር ማለቱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱንም ከላይ እንዲሁ ይሉታል።

አንድ ቀን ከአንዲት ማር ሻጭ ጋር በቋንቋችን በኽምጥኛ ስንጫወት ሰማኝ። ወርቅ አፍሽ ውስጥ ቀብረሽ ነው እንዴ በረሃብ የምትሞቺው ብሎ ጮኸብኝ። በማግስቱ ዶሮዎቹን በአይሱዙ አስጭኖ ወደ ጋዝጊብላ፣ ወደ ገዛ አገራችን ሰደደኝ።

የአገራችንን ሰው ታውቂዋለሽ። ነጋዴውም፣ የቢሮ ሰውም፣ ሐኪሙም የሚመጣበት በአማርኛ ነው። ነገሩ ከገበያ አማርኛ ከፍ ሲልበት ዓይኑን ጠበብ ያደርግና፣ እስቲ ልጆቼን ላማክር ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔ በእናታችን ቋንቋ አፌን ስከፍት ግን ጥርጣሬው ሁሉ ጠፋ። የማን ልጅ ነሽ ይሉኛል፣ እነግራቸዋለሁ፣ አለቀ። ዶሮውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚገዙት።

ስንሸጥ ለሰዉ የምናነበው ወረቀት አለ። ተራ እህል አይበቃቸውም፣ መኖ ይገዛላቸው ይላል። ከሐበሻ ዶሮ ጋር እንዳይቀላቀሉ፣ በወሩ ሁለተኛ ክትባት እንዲከተቡ፣ ካልተከተቡ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ እንደሚፈጃቸው ይናገራል። መጨረሻው ላይ ለሞተ ዶሮ ድርጅቱ ተጠያቂ አይደለም ይላል። ወረቀቱ በአማርኛ ነው። የመጀመሪያ ቀን እንዳለ አነበብኩት፤ ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ እሺ እሺ አለኝ። እንዳልገባቸው አይቻለሁ። ልተርጉምላቸው ብዬ አፌን ከከፈትኩ በኋላ መልሼ ዘጋሁት። እሺ ተረጎምኩት እንበል፣ ከዚያ ማን ይገዛኛል? ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። በየቀኑ እንቁላል ትጥላለች የሚለውን በኽምጥኛ፣ እየሳቅኩና እያሳቅኩ እነግራቸዋለሁ። ፈንግሉን ደግሞ በአማርኛ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ፈጠን አድርጌ አልፈዋለሁ። ተንኮል ብዬ አልጀመርኩትም፤ ሲመቸኝ ግን አልተውኩትም። አንድም ውሸት አልተናገርኩም እያልኩ ራሴን አባብል ነበር።

የግንቦት ልደታ ማግስት ተራው የመንደራችን ሆነ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ከወይራው ሥር ቆሜ ሰዉ ገና ሲያመነታ፣ እምዬ ደብሬ ነጠላዋን አጣፍታ ከች አለች። እናታችን ስትሞት እኔንም አንቺንም በአንድ ጀርባ ያዘለች አክስታችን፣ የኔ ልጅ ናት፣ አሳልፉኝ እያለች ሰዉን በክርኗ ትገፋዋለች። ዶሮው ይበጃል አይበጅም ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም፤ ስንት እንድትወስድላት እንደምፈልግ ብቻ ጠየቀችኝ። እጄ ላይ ምንም የለም፣ ፍየል ልሽጥ፣ ግን ደህና ዋጋ የምታወጣው የእየሩስ ቦቃ ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ አደራ ናት ብላ ቆም አለች።

እዚህ ላይ ነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ የምለው። ልጅ ሆኜ ሳለቅስ አንቺ ታባብዪኝ በነበረበት በዚያው ለስላሳ አነጋገር፣ እየሩስ ስትመጣ ፍየል ምን ይሠራላታል፣ የዶሮዎቹ እንቁላል ያ የምትመኘውን ሱቅ ይከፍትላታል አልኳት። አመነችኝ። እሷ ስትገዛ ጊዜ፣ ይሉኝታም ይሁን እምነት፣ መንደሩ በሙሉ ተከትሏት ገዛ። ለገዛ እግሩ ጫማ የማይገዛው ቋጣሪ አባ ሰጠኝ እንኳ ሳይቀር ገዛ። ያን ቀን እንደኔ የሸጠ አልነበረም። ይሄይስ አጨብጭቦ የድርጅቱ ስም ያለበት ዣንጥላ ሸለመኝ። ክረምቱ ገብቶም እስካሁን አልዘረጋሁትም፤ ዝናቡ ቢደበድበኝ ይሻለኛል።

ሰኔ ላይ ፈንግል ገባ። ዶሮዎቹ አንገታቸው እየተጠመዘዘ በየደጁ ወደቁ፤ የሐበሻዎቹንም ይዘዋቸው ሄዱ። ስልኩ ይጮኽ ጀመር። ይሄይስ አስቀድሞ መክሮኛል፤ በኽምጥኛ ከደወሉ ቋንቋውን አልሰማም በይ፣ የሚችል ሰው ሲመጣ እንደውላለን በይ ብሎኛል። አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አልኩ! ግንቦት ላይ በቋንቋቸው ያሳቅኳቸውን ሰዎች ሰኔ ላይ ቋንቋችሁን አልሰማም አልኳቸው። አንዱ ስልኩን ሳይዘጋ ለሚስቱ፣ ያቺ የደብሬ ልጅ ብትሆን ኖሮ ትሰማን ነበር ሲላት ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት እምዬ ደወለች። ስልኩ የጎረቤት ስለነበረ ቁጥሩን አላወቅኩትም፤ ሳሏን ግን አወቅኩት። እንደልማዷ በኽምጥኛ ሰላምታዋን ጀመረች። ይሄይስ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ይቅርታ እናቴ፣ ቋንቋውን አልሰማም፣ በአማርኛ ምን ልርዳዎት አልኳት። ዕድሜ ልኬን አንቺ ያልኳትን ሴት እርስዎ አልኳት።

ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ በዚያች ጨውና በርበሬ በምትገዛባት አማርኛዋ እየተንገዳገደች ጀመረች። ዶሮዎቹ ሞቱ ብላ ልትከስ እንዳልደወለች ነገረችኝ፤ ዶሮ መቼም ይሞታል አለች። ዶሮውን ያመጣችልን ልጅ ልጄ ናት፣ ሰው ተናዶ ስሟን ቢያነሳ እንዳታባርሯት፣ አላወቀችም፣ ብታውቅ ትነግረን ነበር፣ እናት የላትም፣ አደራ አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ አንቺም ልጄ ድምፅሽ ደክሟል፣ ምሳ በልተሻል ወይ አለችኝ። እኔም፣ አስተያየትዎን ለሚመለከተው ክፍል እናደርሳለን አልኳት። እንዲህ አልኳት እየሩስ! እኔኑ ለእኔ እየለመነችኝ፣ ለሚመለከተው ክፍል አልኳት።

ለሐምሌ ገብርኤል ወደ መንደር ወጣሁ። ዛሬ ሁሉን እነግራታለሁ ብዬ መንገዱን ሙሉ ስሰናዳ ነበር። እንቁላል ቀቅላ ጠበቀችኝ፣ ዶሮዎችሽ ጥለው ነው፣ ብዪ አለችኝ። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ትንሽ ነው፣ ከሰው ቤት ተለምኖ የመጣ ነው። ከጓሮ የዶሮዎቹ ቤት ባዶውን ቆሟል፣ ላባ እንኳ የለበትም። በላሁት። ጨው ጨምሪልኝ ሁሉ አልኳት! ቃል ሳይወጣኝ ቀኑ መሸብኝ።

ልሄድ ስነሳ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። ጉንጬን ሳመችኝና በአማርኛ፣ በደህና ይግቡ አለችኝ። ፊት ለፊት ከኽምጥኛ በቀር አንድ ቃል ተናግራኝ የማታውቅ ሴት እንደ መንገደኛ እንግዳ ሸኘችኝ። ያኔ ገባኝ። ስልኩ ላይ ከመጀመሪያዋ ቃሌ ጀምራ አውቃኛለች። አውቃኝ ነው ያን ሁሉ የለመነችኝ።

እዚያው ጭቃው ላይ ዘፍ አልኩ። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከላይ እስከ ታች በቋንቋችን ነገርኳት፤ መኖውንም፣ ክትባቱንም፣ ፈንግሉንም፣ ተጠያቂ አይደለንም የሚለውንም። ለምን እንደደበቅኩትም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ፣ ይኼን ያኔ ብትነግሪኝም እገዛሽ ነበር፣ አስከትብ ነበር እንጂ አለችኝ። በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ማሪኝ አልኳት። የራሴን ምሬሻለሁ አለች። ፍየሏ ግን የእየሩስ ናት፣ የሰው አደራ አስበልተሽኛል፣ የእሷን እኔ አልምርልሽም፣ ራስሽ ንገሪያት አለችኝ። ይኸው ነገርኩሽ።

በማግስቱ የገዙትን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞርኩ ወረቀቱን በኽምጥኛ ነገርኳቸው። ጥቂት ዶሮዎች የተረፉላቸው አሉ፤ ደግሰው የሚባለው የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ሊከትብላቸው ቃል ገብቷል። አባ ሰጠኝ ውሻውን እንኳ አልያዘልኝም፣ ከደጅ ቆሜ ነገርኩት። ጨረስሽ ወይ አለኝና ገብቶ በሩን ዘጋው። እውነቱን ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔ ደግሞ ወለምታም አይደለም፣ እያወቅኩ ያደረግኩት ነው።

ይሄይስ አዲስ ጭነት መጥቷል፣ ወደ ጽጽቃ ሂጂ ብሎኛል። ወረቀቱንም በኽምጥኛ የማነብ ከሆነ እሄዳለሁ አልኩት። ማን ይገዛሻል አለኝ። የሚያስከትብ ሰው ይገዛኛል አልኩት። ላስብበት ብሎ ፊቱን አዞረ። እስከዚያው ስልኩን በኽምጥኛ እያነሳሁ ነው። ይሰድቡኛል፣ እሰማለሁ። ቢያባርረኝም ያባርረኝ።

ዓመት ይፍጅብኝ እንጂ ፍየል እተካልሻለሁ። ቦቃን እንደማትሆን አውቃለሁ። አንቺ የሰው አገር መጸዳጃ ቤት ስትፈትጊ፣ አገሬ ላይ በስሜ የቆመች አንዲት ነፍስ አለች ብለሽ የምትጽናኚባትን ነው የወሰድኩብሽ።

እምዬ ደብሬ ዓይንሽን ሳልስም አልሙት ብላሻለች፤ ሳሏ በማርና በጤና አዳም ቀለል ብሎላታል። ሸጋው አሥረኛ ክፍልን አልፏል፣ ጫማ አልጠይቃትም በያት ብሎኛል፤ መጠየቁ እንደሆነ ይገባሻል። እትዬ ሶስና ሰላም ብላሻለች፤ ዮርዳኖስን እንደ ታናሽ እህትሽ እያት።

ደብዳቤው ሲደርስሽ ኢሞ ላይ እንዳትደውዪልኝ። ፊቴን ካየሽ ትራሪልኛለሽ፤ እንዲያ አልፈልግም። ከጀርባው የጻፍኩልሽ የቢሮው ቁጥር ነው፣ ከሰዓት ደውዪ። ከሁሉም ሰው የበለጠ ቅሬታ ያለሽ አንቺ ነሽ። የማነሳው እኔ ነኝ፣ በቋንቋችን አነሳዋለሁ። ያሻሽን በዪኝ። ለማንም አላደርሰውም፤ የሚመለከተው ክፍል እኔ ነኝ።

ታናሽ እህትሽ ጥሩሐረግ
ሰቆጣ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.