አባባ የሳለው ማንቆርቆሪያ

እታለም፣ ሰላምታዬ ከፖስተኛው ቀድሞ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን፤ በእኔ ምክንያት ደህና ያልሆኑት ጎረቤቶች ብቻ ናቸው።

ባለ ዳቦ ቤቱ አባባ የጻፈለትን ታፔላ «ፊደሉ ተጣመመ» ብሎ ከመለሰ ወዲህ፣ ሽማግሌው አባታችን ከቤት ሳይወጣ ማንቆርቆሪያ ይስላል። አመሌን ታውቂዋለሽ፤ እየሳለ ሳለ ማንቆርቆሪያውን ደጋግሜ አዞርኩበት። ድሮ ቢሆን ብሩሹን ይወረውርብኝ ነበር፤ አሁን ግን መሳሉን ቀጠለ። ሥዕሉ ሲያልቅ አፉ ከላይ፣ ሆዱ ከጎን የታየ፣ ሁለት እጀታ ያበቀለ ጉድ ሆነ!

ጎረቤታችን የሥዕል መምህሩ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኩቢዝም ነው! ዕቃን ከየአቅጣጫው አይቶ ባንድ ላይ መሳል!» ሲለው፣ አባባ ኮራ ብሎ «እኔ ያየሁትን ነው የሳልኩት» አለ።

ትናንት ማንቆርቆሪያውን ጭራሽ አንስቼ ከጀርባዬ ደበቅኩት። አባባ ባዶውን ጠረጴዛ ቀና እያለ እያየ እስከ ምሳ ሳለና «ዛሬስ አላስቸገርከኝም፣ ተባረክ» አለኝ። መሳቅ አቃተኝ።

ለዕረፍት እመጣለሁ ያልሽውን ቶሎ አድርጊው። ስትመጪ ደግሞ ዝም ብለሽ ፊቱ አትገተሪ፤ ያንን ሰፈር የሚያስነሳ ድምፅሽን ገና ከበሩ ጀምረሽ አሰሚው።

ጉንጭሽን በሩቁ ሳምኩ።
መከራሽ፣ ታናሽ ወንድምሽ