በጠመኔ ያመለከትሽልኝ ቦታ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ፣ ክር ማስገባት አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ መነጽሩን አሠራሽ? አባዬ ሳሉ ለቀቀው? አያቴ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል? «ጥያቄ» የምንለው ታናሽ ወንድሜስ ጥርሱ በቀለለት? ስማችሁን እየጠራሁ ልቤ አንድ ቦታ አልቀመጥ አለኝ እንጂ እኔ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። «ደህና ነኝ» ስል ቅንድብሽ ሽቅብ እንደሚወጣ አውቃለሁ። የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። በስልክ ግን አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ጥያቄ ደግሞ ከጎንሽ ተለጥፎ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላል። ደብዳቤ ይሻላል፣ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጪኝ ትሰሚኛለሽ።

አጎቴ ጋሼ ደውለው መልእክትሽን ነግረውኛል። ተደብቄ ጣፋጭ እንደምበላ ደርሰሽበታል አሉ። የሚመጣው የሦስት ወር የስኳር ምርመራ ውጤት ካልተስተካከለ ስፌቱን ትቼ ሻንጣዬን ይዤ እንድመለስ፣ እምቢ ካልኩም ጋሼ ራሳቸው መጥተው እንዲወስዱኝ አዘሻል። እማዬ፣ አንጀቴ እርር አለ። ወሬውን ማን እንዳደረሰልሽም አላጣሁትም። አክስቴ ናት። ከሥራ ስመለስ ፍራሼ ተገልብጦ፣ ልብሴ ሁሉ ተበትኖ አገኘሁት። ብስኩት ፍለጋ ነው። ያገኘችው ግን የገዛ ራሷን የጠፋ ማበጠሪያ ብቻ ነው፣ እሱንም አንቺ ነሽ የወሰድሽው ብላ ተቆጣች።

ሆኖም አልዋሽሽም፣ ስኳሬ ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ጠዋት ስነሳ ጉሮሮዬ ደርቆ ነው የምነሳው። ስፌት ቤት ውስጥ ውሃ እጠጣለሁ፣ ሽንት ቤት እሮጣለሁ፣ ደግሞ እጠጣለሁ። «ሰዓቷ» የምንላት አለቃችን የስፌት መኪናሽ ከሚቆምበት ጊዜ የሚሠራበት አነሰ እያለች በዓይኗ ትሸኘኛለች። ሐኪሙ ዘንድ ስሄድ ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ በናንተ ዕድሜ ሰውነትም ያምጻል፣ መርፌም ትዘላላችሁ፣ አፋችሁንም አትይዙም አለኝ። አንድም ቀን አልዘለልኩም! በማይወርድ ቁጥር ላይ ኢንሱሊኑን ትንሽ ትንሽ ስጨምር ከረምኩ። በኋላማ ራሴን ጠረጠርኩ። በእንቅልፌ ተነስቼ የአክስቴን ስኳር እቅም ይሆን ብዬ የጣሳውን ክዳን በክር አስሬ ያደርኩበት ጊዜ አለ።

ባለፈው ወር የሽንት ቤቱ በር ተበላሽቶ ሲጠገን ዋለ። የምሳ መርፌዬን የምወጋው እዚያ ነው። በጨርቅ ቆራጩ ሰውዬ ፊት ቀሚሴን ገልጬ ሆዴን ልወጋ አልችልም፣ ስለዚህ ከጨርቅ ጥቅል ጀርባ ሆኜ እጅጌዬን ሰበሰብኩና ክንዴን ወጋሁ። ያንኑ የጨመርኩትን ልክ ነው የወጋሁት። ምሳዬን በላሁ፣ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ላብ ላብ አለኝ። ልብሱ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። የእጅጌውን አፍ ድፍን አድርጌ ሰፍቼ፣ ኮሌታውን ደግሞ ከታች ከጫፉ ላይ ገጥሜ፣ በጣም አምሮብኛል ብዬ እስቅ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲያ አላስታውስም። ቁልፍ የምትተክለው ጓደኛዬ ውሃ ውስጥ ስኳር በጥብጣ አጠጣችኝ። ነፍሴን የመለሰችው እሷ ናት። ሰዓቷ ራሷ ደግፋ ክሊኒክ አደረሰችኝ። መንገዱን ሙሉ ተሳድባለች፣ ክንዴን ግን አለቀቀችም።

ቆይ እማዬ፣ ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ላብ አለው። ጣቴን ልውጋና ልለካ።

መጣሁ። ደህና ነው። ፍርሃት ብቻ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘሁት ነርስ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ምን በላሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ተኚ አለኝና ሆዴን በጣቱ መዳበስ ጀመረ። ከእምብርቴ በስተግራ ሲደርስ ቆመ። እጄን ይዞ እዚያው አስነካኝ፣ እንደ ሊጥ የለሰለሰ እብጠት ነው። ሁልጊዜ እዚህ ነው የምትወጊው? አለኝ። አዎ አልኩት። ለምን? ሲለኝ፣ እናቴ ያሳየችኝ እዚህ ነው አልኩት።

ታስታውሻለሽ? ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከሆስፒታል እንደመጣን መቁረጫ ጠረጴዛሽ ላይ አስተኛሽኝ። መጀመሪያ ባዶውን መርፌ የራስሽ ሆድ ላይ ሰካሽና «ይኸው፣ ጮኽኩ?» አልሽኝ። ከዚያ ጨርቅ በምታመለክቺበት በዚያ ሰማያዊ ጠመኔሽ ሆዴ ላይ ምልክት አደረግሽልኝ። በእኛ ቤት ደግሞ ጠመኔ ካረፈ ወዲያ ወዲህ የለም። ጠመኔው ሲለቅ ጣቴ ቦታውን አወቀው። ሆስፒታል ውስጥ ቀያይሩ ብለውን እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ቀን አንቺም እኔም ጆሯችን የሚሰማ አልነበረም። ደግሞም ያ ቦታ ከጊዜ በኋላ ማመሙን ተወ። የማያምም ቦታ ማን ይተዋል?

ነርሱ እንዳስረዳኝ አንድ ቦታ ሲደጋገም ስብ ይጠራቀማል፣ መድኃኒቱም እዚያው ይተኛል፣ ሲያሰኘው ይወጣል፣ ሲያሰኘው ይቀራል። ስኳሬ አልወርድ ያለው ለዚህ ነው። ያን ቀን ደግሞ የጨመርኩት ሁሉ በጤነኛው ክንዴ በኩል አንድ ላይ ገብቶ ጣለኝ። ልኩን ቀንሶልኝ፣ ሆድ፣ ጭን፣ ክንድ እያልኩ በየተራ እንድወጋ፣ ቶሎ ቶሎም እንድለካ አዘዘኝ። እኔ ግን አንቺን ነበር የሰማሁት። አንድ ቀዳዳ ሁለቴ ከተወጋ ጨርቁ ሞተ እያልሽ ስንት ስፌት አስፈትተሽኛል! ለጨርቅ ያወቅነውን ለሆዴ ሳናውቀው ቀረን።

ጥፋተኛ ነሽ እያልኩሽ አይደለም። እንዲህ ብለሽ ካለቀስሽ ደብዳቤዬን መልሽልኝ። አንቺ ያን ቀን ባትወጊልኝ ዛሬ ማን ይጽፍልሽ ነበር?

አሁን ቁጥሩ መውረድ ጀምሯል፣ ግን ገና ይዋዥቃል። ምርመራው የሚቀጥለው ወር ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት ሁሉ ስለሚቆጥር ምናልባት የድሮው ከፍታ ውጤቱን ያበላሸው ይሆናል፣ ነርሱም ይህን አልደበቀኝም። ለዚህ ነው እረፍት ያጣሁት። ያ ወረቀት እኔን ሌባ እንዳያደርገኝ፣ ጋሼም ይዘውኝ እንዳይሄዱ እፈራለሁ። ሥራዬን እወዳለሁ እማዬ። እጄ ያንቺ እጅ መሆኑን ሰዎች የሚያውቁት እዚህ ነው።

አባዬን ሳሉን እንዲታከም ንገሪልኝ፣ ናፍቆኛል በይው። አያቴን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ጥያቄን፣ እህትህ ብስኩት አልበላችም፣ ይህ የመጨረሻ መልስ ነው በይው። አክስቴም ሰላም ትልሻለች፣ ይቅርታ ባትጠይቀኝም ፍራሼን ራሷ አንጥፋልኛለች። ጋሼ መምጣታቸው ካልቀረ ለእንግድነት ይምጡ፣ ከዚያ ሰማያዊ ጠመኔሽም ቁራሽ ያምጡልኝ። የየቀኑን ቦታ አሁን የማመለክተው እኔ ነኝ። ያንቺው ቦታ እንዲያርፍ ታዟል። መርፌ አላስነካውም። አንዳንዴ ብቻ፣ መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ በልብሴ ላይ እዳብሰዋለሁ።

ልጅሽ

ከአክስቴ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
እሁድ ከሰዓት፣ ግንቦት አጋማሽ