ጌምህ አልሞተም

«እማ፣ ጌሜ ሞተ እንዴ?» ብለህ ስትጠይቀኝ የጌም መጫወቻህን ይዤ ወጣሁ። ስልክ ሠሪው ጋ ወሰድኩት።
«ማዘር፣ አልሞተም፤ ስታክ አድርጎ፣ ባለበት ደርቆ ነው» አለኝ። «እንደ እኔና እንደ ልጄ» ልለው ነበር፤ ተውኩት።

እሱ እንዳሳየኝ፣ መጀመሪያ ቻርጀሩ ላይ ሰካው።
የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነህ ያዝ። ቶሎ እንዳትለቅ፤ በእኔ ወጥተህ ችኩል ነህ።
ስክሪኑ ብልጭ ሲል ልቀቅ።
እምቢ ካለህም አትደብድበው።

ሥራ ካቆምክ ወዲህ «ብቻዬን አትተዪኝ» ስትለኝ ከትምህርቴ እየቀረሁ እዚሁ አብሬህ ተዘጋሁ። ዛሬም ከቀረሁ ወንበሬን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።
ያልቀሰቀስኩህ ዓይንህን ካየሁ እንደምቀር ስለማውቅ ነው።

መጋረጃውን ከፍቼዋለሁ። አትዝጋው።

አንተና ጌምህ ቤት ናችሁ። እኔ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ።