አባባ ጣሪያ ላይ የወጡበት ሳምንት

ሰኞ

ቆርቆሮው ሄደ። ከእኔ ክፍል በላይ ያለው አንዱ፣ ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ። ከጎረቤታችን ከአዴ ጫልቱ አጥር ሥር ወድቆ አገኘነው። ደግነቱ ሰው አልነካም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መጀመሪያ አቧራው ተነሣ። የተለመደው የአዳማ ነፋስ ነው ብለን መስኮቱን ዘጋን። ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ በረዶ ቀላቅሎ። ሰኞ እረፍቴ ስለሆነ ቤት ነበርኩ። ባልኖር ኖሮ አባባ ብቻቸውን ምን ይሆኑ ነበር?

የረጠበው፦ ፍራሼ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ የእማዬ ፎቶዎች ያሉበት አልበም (ዳር ዳሩን ብቻ፣ ተመስገን)። የሳሎኑ ኮርኒስ ውኃ ጠጥቶ እንደ ሆድ ተንጠልጥሏል። ያልረጠበው የአባባ ክፍል ብቻ ነው።

አባባ ዕድሜያቸውን በሙሉ አናጺ ነበሩ። ይህን ቤት የከደኑት እሳቸው ናቸው፤ የሰፈሩንም ግማሽ ጣሪያ እንዲሁ። አሁን ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዝናቡ ገና ሳያባራ "መሰላሉን አምጪልኝ" አሉ። አላመጣሁም። ሙስጠፋ ጋ ደወልኩ። ሙያውን ከአባባ ሥር ሆኖ የተማረ ነው፤ ዛሬ የሰፈሩ ሁሉ ጣሪያ ሠሪ እሱ ነው። ነፋሱ ብዙ ቤት ገልጧልና ከዓርብ በፊት አልደርስም አለ።

ሌላም ጭንቀት አለ። ላንጋኖ ያለ አንድ ሆቴል እስከ ቅዳሜ መልስ ስጪን ብሎኛል። የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ አድርገው ሊወስዱኝ ነው። እዚህ በምሠራበት ሆቴል ስምንት ዓመት አንሶላ ሳጥፍ ኃላፊ ትሁን ያለ የለም። ግን መኖሪያዬ እዚያው ነው የሚሆነው። አባባ በየቀኑ "ሂጂ" ይሉኛል። ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ጥያቸው ልሂድ?

ማክሰኞ

ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት የአዴ ጫልቱን ሸራ ተውሼ መሰላል ላይ ወጣሁ። እስከ አምስተኛው እርከን ድረስ ብቻ። ከዚያ በላይ ከፍታ ያስፈራኛል። ሸራውን በመጥረጊያ እንጨት ገፋሁት፣ ድንጋይ ጫንኩበት። ስመለስ ግማሹ ተገልቦ ነበር።

ወንድሜ ታደሰ ከሻሸመኔ ደወለ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እኔ እስክመጣ ማንም ጣሪያ እንዳይወጣ አለ። መቼ ትመጣለህ ስለው ጭነቱ ሲራገፍ አለኝ። የታደሰ ጭነት ተራግፎ አያውቅም።

አባባ በር ላይ ተቀምጠው የአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ ይቆርጣሉ። ሚስማር ሥር የሚገባ፣ ውኃ የሚከለክል ክብ ክብ ቁራጭ። ፊታቸው ወደ መንገዱ ነው፤ መቀሱን አያዩትም። የቆየ እጅ ብዬ አደነቅኩ። ቀጥሎ ግን ለምን እንደሚቆርጡ ገባኝ።

ጭቅጭቅ ሆነ። አይወጡም አልኩ። የገዛ ቤቴን ነው የምትከለክይኝ አሉ። "አባባ፣ አርጅተዋል እኮ" አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው። መቀሱን ቀስ ብለው አስቀመጡና የቆረጡትን አንድ በአንድ እየዳሰሱ ለቀሙ።

ረቡዕ



አምስት ሰዓት ላይ፣ አንሶላ ስቆጥር፣ አዴ ጫልቱ ደወሉ። "ኢንተላ ኮ፣ ቶሎ ነይ። አባትሽ ጣሪያ ላይ ናቸው" አሉኝ። ሲቸገሩ ልጄ የሚሉኝ በኦሮምኛ ነው። አንሶላውን እዚያው ጥዬ ባጃጅ ያዝኩ። ጎርፍ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ በገባን ቁጥር ጣሪያው፣ ቁልቁለቱ፣ የግቢው ሲሚንቶ ይታየኛል።

ስደርስ አባባ የጣሪያው አናት ላይ፣ ፈረስ እንደሚጋልብ ሰው ተቀምጠዋል። መዶሻው በእጃቸው ነው። የወደቀውን ቆርቆሮ መልሰው መትተውታል፤ እንዴት አድርገው ብቻቸውን እንዳወጡት አላውቅም። በቀሩትም ላይ በየቦታው አዲስ ሚስማር መትተዋል። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ከደወልኩልሽ ጀምሮ አልለቀቅኩትም አሉኝ።

አባባ ሲወርዱ እግራቸው መሰላሉን አጣው። ከእርከኑ በስተግራ፣ ባዶ አየር ላይ ይፈልጋል። እኔ፣ ከፍታ የምፈራው፣ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ቁርጭምጭሚታቸውን ይዤ እርከኑ ላይ አሳረፍኩት።

"እጅሽ ቀዝቃዛ ነው" አሉ። ይኸን ብቻ።

መሬት ሲደርሱ ሥራው አልቋል፣ ሙስጠፋ እንዳይመጣ ንገሪው አሉኝ። አልነገርኩትም። ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

የዛሬ መልካም ነገር፦ አልወደቁም። ሌላ ፈልጌ አጣሁ።

ሐሙስ

ከሥራ እስከ እሑድ ፈቃድ ወሰድኩ። ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ስድስት ቦታ አፈሰሰ። ስድስቱም ከዚህ በፊት አፍስሰው የማያውቁ ናቸው። አንዱ ልክ ከአባባ አልጋ በላይ።

ሳፋ፣ ባልዲ፣ ድስት፣ የቡና ሲኒ ሳይቀር ደረደርኩ። አባባ ሳሎኑ መሐል ቆመው አንገታቸውን ወደየጠብታው ያዞራሉ። "ስንት ቦታ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ከፊታቸው፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ እየተንጠባጠበ። ቀና ብሎ ማየት እኮ ይበቃ ነበር።

ሲያባራ ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ የተቀደደውን ኮርኒስ ገለጥኩ። ብርሃን በየቀዳዳው ይገባል። ሚስማሮቹ እንጨቱን ስተው አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። አንዱ በጣት ስፋት፣ ሌላው በመዳፍ። አባባ እኮ እያወሩ፣ እየሳቁ፣ ሌላ ሰው እያዩ ሚስማር የሚመቱ ሰው ነበሩ።

ጠረጴዛው ላይ ቆሜ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣብኝ። ጋዜጣ የተዉት "ወሬው ያው ነው" ብለው ነው። ቤተ ክርስቲያን የቀሩት ጉልበቴን አመመኝ ብለው። ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን ብርጭቆው አፍ ላይ ያደርጋሉ። በገባሁ ቁጥር "አንቺ ነሽ?" ይሉኛል። እኔ ሁሉንም እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። አብሬያቸው እየኖርኩ።

ወርጄ ፍራሻቸውን ወደ ደረቁ ጥግ ጎተትኩ። "አያዩም እንዴ?" ብሎ እንዴት ይጀመራል?

ዓርብ

ሙስጠፋ መጣ። ገና እንደወጣ ገባው። ሚስማሮቹን እየነቀለ መሬት አልጣላቸውም፤ ቀስ እያለ ኪሱ ውስጥ ይከታቸዋል። አባባ ከታች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። የሚነቀል ሚስማር ድምፅ እሳቸውን አያመልጣቸውም።

"ስንቱ ስቷል?" አሉ።

ሙስጠፋ ጥቂት ነው፣ ነፋሱም ያላላው አለበት አለ።

"ሙስጠፋ፣ ውሸት አላስተማርኩህም። ስንት ነው?"

እኔን አየኝ። ከዚያ "አሥራ ሰባት ነው፣ ጋሼ" አለ።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ትንሽ ወደ ጎኔ፣ ልክ ወደ እኔ አይደለም። ቀኝ ዓይናቸው ከጥር ወዲህ እንደማያይ፣ ግራውም እንደ ጭስ እንደሆነ ነገሩኝ። ለምን ደበቁኝ አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

"ብነግርሽ ላንጋኖ ትሄጂ ነበር?"

ቤቱ ካላፈሰሰ ትሄዳለች ብለው ነው የወጡት። ለካ ጣሪያውን ሲመቱ የነበሩት እኔን ለመሸኘት ነው።

ሙስጠፋ ከላይ ሆኖ የቆርቆሮውን መደራረቢያ በየት በኩል ላድርገው ብሎ ጠየቃቸው። ያውቀዋል። ሃያ ዓመት የሠራበት ነገር ነው። አባባ ግን ቀና ብለው፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ በእጃቸው እያሳዩ አስረዱት። እስከ መጨረሻው "እሺ ጋሼ" እያለ ሰማቸው።

ቅዳሜ

ላንጋኖ ደወልኩ። ያለውን እውነት ነገርኳቸው፤ ሁለት ወር ታገሡኝ አልኩ። ያነሣችው ሴትዮ ቦታው ሁለት ወር አይጠብቅም፣ ግን ባለቤቱን አናግሬ እደውላለሁ አለች። ስልኩን ቀኑን ሙሉ ከእጄ አላወረድኩም። አልደወለችም።

አባባ ተቆጥተዋል። ዛሬውኑ እሄዳለሁ ስላላልኩ አኩርፈዋል።

ፍራሹን አሰጣሁ፣ ብርድ ልብሱን አጠብኩ፣ የማያስፈልገውን ሁሉ አጠብኩ። አዴ ጫልቱ በአጥሩ በኩል አነጋገሩኝ። የእሳቸውንም ዓይን ሞራ ሸፍኖት እንደነበረና እዚሁ አዳማ እንደወጣላቸው ነገሩኝ። አሁን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ያስገባሉ። ያን ሁሉ ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር ይህንንም አላውቅም ነበር።

እሑድ

ዘነበ። ግማሽ ሰዓት ያህል። አንድ ጠብታ ብቻ፣ በሩ አጠገብ። ሙስጠፋ ነገ በሬንጅ ይደፍነዋል። አባባ ራት ላይ ጨው አቀብይኝ አሉ። ኩርፊያው አበቃ ማለት ነው።

ሰኞ

ዓይን ክሊኒክ ዋልን። ቀኙ ሞራ ነው፤ ሐሙስ ይወጣል፣ ያያሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን አለ ሐኪሙ። ግራውን የያዘው ሌላ ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ዕድሜ ልክ ጠብታ። አባባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ መሰላል መውጣት ይቻላል? ሐኪሙ የቀለዱበት መሰለው። እኔ አይቻልም አልኩ።

ከላንጋኖ እስካሁን አልደወሉም።

ስንመለስ አባባ ባጃጁን በድሮው ሰፈር በኩል አስዞሩት። የከደኗቸውን ቤቶች በቅደም ተከተል ያውቃሉ፤ ዛሬ ግን አይቼ የምነግራቸው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ዝጓል ግን አለ። ሁለተኛው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ቀጥሎ ከመስጊዱ አለፍ ብሎ ያለውን፣ ሰፊ በረንዳ ያለውን፣ ጣሪያው እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። በወጣትነታቸው ብቻቸውን የከደኑት ትልቁ ቤታቸው ነው።

ቤቱ የለም። አራት ፎቅ ቆሞበታል። ልዋሽ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። የሙስጠፋ ፊት ትዝ አለኝና እውነቱን ነገርኳቸው፤ ፎቅ ሆኗል አልኩ።

"እንግዲያው አያፈስም" አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። እኔም ሳቅኩ፤ እስከ ቤት ድረስ ማቆም አቃተኝ፤ የመጨረሻው ግን ሳቅ ይሁን ሌላ እርግጠኛ አይደለሁም። ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ እንድንደርስ ተብለናል። ምግብ ሳይቀምሱ።